አራት ሜትር ተኩል

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ደብተር ገዛሁ። ሽፋኑ ጠንካራ፣ መስመሩ ሰማያዊ። ሻጩ «ለልጅህ ነው?» አለኝ። «ለራሴ ነው፤ ደራሲ ነኝ» አልኩት። አላመነም። አይፈረድበትም... እኔም ካመንኩ ገና ሳምንቴ ነው።

ስሜ ቡስልሃም። ለማን ነው የምነግረው? ለራሴ። እሺ፣ እንዳልረሳው ልጻፈው፦ ቡስልሃም፣ የአርባ ስድስት ዓመት ሰው፣ መኪናና መንገደኛ የምታሻግረው የ«ነውረስ» መርከብ የመኪና ወለል አለቃ። መኪና በጣት ምልክት ብቻ መርከብ ውስጥ የሚሰገስግ እንደኔ ያለ ሰው ታንጂር ወደብ ላይ የለም። ረዳቴ አሕሚዶ «ሞልቷል» ይላል። አሕሚዶ ምን ያውቃል።

ዛሬ ከባሕሩ ማዶ፣ በስፔን ወደብ ታሪፋ ላይ አንድ ስፔናዊ አልጋና ምድጃ ያላትን ትልቅ መኪናውን ወደ ኋላ ማስገባት አቃተው። ላብ በላብ ሆነ። በሁለት ጣት መራሁት። ከግድግዳው የቀረው አንድ ስንዝር። ወርዶ አጨበጨበልኝ። ከመርከቧም በላይ እኔን ፎቶ አነሳ።

የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ምስክር ወረቀት ከያዝኩ ወዲህ ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ እያነበብኩ ነው። «ማጨስ ክልክል ነው» ብዬ ለአሕሚዶ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እኮ እዚሁ ሥር ነው የምታጨሰው!»

«ያኔ እኔን አይመለከትም ነበር። የተጻፈው ለሚያነብ ነው።»

ሲጋራዬን ግን አጠፋሁ። ማንበብ ነፃ ያወጣል ብለውኝ ነበር...

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ጠዋት ቢሳራ ስንጠጣ ራይስ ምፈደል መጡ። ካፒቴን ሆነው ከኛ ጋር ቆመው የባቄላ ሾርባ የሚጠጡ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«መነጽሩ ይስማማሃል ቡስልሃም?»

መነጽሩ የሳቸው ነው። አምና የአደጋ ጊዜ መውጫውን ሥዕል ዘቅዝቄ ስሰቅል ደረሱብኝ። ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ታሪፋ ይስቅብኝ ነበር። እሳቸው ሥዕሉን አቃንተው ዝም አሉ። በማግስቱ ማታ እጄን ይዘው ትምህርት ቤቱ አስመዘገቡኝ። ፊደሉ ይደበዝዝብኛል ስላቸው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። «ሌላ አለኝ» አሉ። አልነበራቸውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ካርታውን ክንዳቸውን ዘርግተው ሲያነቡ አይቻለሁ።

«ይስማማኛል ራይስ። ግን በሱ ሳይዎት አርጅተው ይታዩኛል።»

«እንግዲያው ደህና መነጽር ነው» አሉ።

ቀጥሎ የሽያጩ ነገር ተነሳ። ላይኛው ፎቅ ቢሮ ያሉት የኩባንያው ሰዎች ነውረስን ሊሸጧት ነው የሚል ወሬ አለ። ራይስ ለወደቡ አስተዳደር አቤቱታ ጽፈዋል፤ ሠላሳ አራታችንም እንፈርማለን። «መርከቧ ደህና ናት። ገና አሥር ዓመት ትሠራለች። እሷ ከሄደች ሠላሳ አራት ቤት ነው የሚፈርሰው» አሉ። ሁሉም በየተራ ፈረመ። እኔ ስሜን ሙሉውን ጻፍኩ። አሕሚዶ አውራ ጣቱን ቀለም ነከረ... አየት አድርጌው አለፍኩ። ትንሽ ብቻ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

በኋላዋ በኩል ዝገት... አይ፣ አሉሚኒየም አይዝግም። ቆሻሻ ስንፍቅ ከ«ነውረስ» ሥር ሌላ ጽሑፍ አገኘሁ። በብየዳ የተጻፈ ነው፤ ቀለም ቢደራረብበትም በጣት ይዳሰሳል። የፈረንጅ ፊደል። አንዱ እባብ ይመስላል፣ አንዱ ዱላ። እንዳለ ገልብጬ ለአስተማሪዬ ለላላ ኢክራም ወሰድኩላት።

ሐሙስ ሐሙስ ለተመራቂዎች የጽሑፍ ልምምድ አለን፤ «ስለምታውቁት ሰው ጻፉ» ብላን ነበር። እኔ ስለ መርከቤ ልጽፍ ስላት «መርከብ ሰው አይደለችም» አለች።

ዛሬ ወረቀቱን አየችና «ሲግሪድ» ብላ አነበበች። «የሴት ስም ነው። የሰሜን ሰዎች።»

«ሰው ናት አላልኩም?!»

ሳቀች። «እሺ ጻፍ። ግን ቡስልሃም... ወረቀት ላይ ያየኸውን ብቻ። ጉራህን ለካፌ።»

ታውቀኛለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የዛሬው ጉድ ነው። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሲ ዙሄር ከላይኛው ፎቅ ወደ መኪና ወለላችን ወረደ! በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም። ጫማው ያብለጨልጫል፤ ዘይቱን እየዘለለ መጣ፣ እንደ ዶሮ።

«ኡስታዝ ቡስልሃም ማነው?» አለ።

ኡስታዝ! መምህር! ዞር ብዬ ፈለግኩ፣ ሌላ ሰው የጠራ መስሎኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነውረስ እዚህ መሥራት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ድግስ ይደገሳል። የሥራ ታሪኳ በትንሽ መጽሐፍ ይታተማል። ማን ይጻፈው?

«መሐንዲሶቹ ቁጥር ነው የሚያውቁት። ታሪኩ ያለው አንተ ጋ ነው አሉኝ። ምንም ሳትደብቅ ጻፍ። በተለይ ጀግንነቱን። ያቺ በካፌ የምታወራት የሸርጊ ነፋስ ቀን አለች አይደል? እሷን እንዳትረሳ።»

«ራይስ ያውቃሉ?»

«ስጦታ ነው እኮ ኡስታዝ። ስጦታ ለባለቤቱ አስቀድሞ ይነገራል?»

እውነቱን ነው። አይነገርም።

አሕሚዶ «ይሄ ሰውዬ ምን አወረደው?» አለኝ።

«ጥበብ» አልኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ስጽፍ ዋልኩ። ባለቤቴ ሰዕዲያ ገበታውን ለቅቃልኝ ልጆቹን መሬት ላይ አበላች። «ደራሲው ሻይ ይፈልጋል?» እያለች ታሾፋለች። የሻዩን ናና ግን አብዝታ ነው ያፈላችልኝ። ኮርታለች... አውቃታለሁ።

አራት ገጽ ሞላ። በዓለም ጫፍ፣ በአውስትራልያ እንደተወለደች። ከሥሯ ጎን ለጎን ሁለት ቀፎ፣ ማለት ሁለት እግር እንዳላት፣ በውኃው ላይ እንደምትሮጥ እንጂ እንደማትዋኝ። በሰሜን በረዶ ውስጥ ሲግሪድ ተብላ ስድስት ዓመት ደሴት ከደሴት እንዳገናኘች። ከዚያ በደቡብ አሜሪካ በአንድ ቡናማ ወንዝ ላይ እንደሠራች፤ የዚያን ጊዜ ስሟን የሚያስታውስ የለም። ከዚያ እኛ ጋ መጣች። አንዲት የአስዬላ ከተማ ሴት ሁለት መኪና መሃል ስትወልድ ያዋለዳት አሕሚዶ እንደሆነ፤ ሕፃኗ ስታለቅስ እሱ ራሱን ስቶ እንደወደቀ። (ይህን እያነበብኩለት ሊገድለኝ ነበር።) አንድ ሙሽራ መኪናው ሲገባ እሱ ታሪፋ ቡና ሲጠጣ መቅረቱን፤ ሙሽሪት ብቻዋን ታንጂር መድረሷን።

ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሳልጨምር መጻፍ ግን እንዴት ይከብዳል! ጥርስ እንደመነቀል ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ያቺን ቀን ጻፍኳት።

ሰባት ዓመት ሆናት። ሸርጊ ከምሥራቅ ሁለት ቀን ሙሉ ነፍሶ ታሪፋ ላይ ቆመን ነበር። የፈቃድ ወረቀታችን ሦስት ሜትር ተኩል ይላል፤ ሞገዱ ከዚያ ካለፈ ነውረስ ከወደብ አትወጣም። ፈጣን ናት፣ ቀላል ናት፣ ከባድ ባሕር አይሆንላትም። መንገደኛው ሁሉ ሆቴል ገብቷል። የቀረችው አንዲት የሬሳ መኪና ናት። ከብራስልስ የመጣች። ሠላሳ ዓመት እዚያ የለፋ አባት፣ አገሩ ሊቀበር። የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ተቃጠለ። ልጁ ከአባቴ ጎን አልወርድም ብሎ ውስጥ ተቀምጧል። ራይስ ሁለት ጊዜ ወርደው አዩት፣ ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሦስተኛው «ሬሳውን፣ ልጁንና እኛን ብቻ። የማይፈልግ ይውረድ» አሉ። የወረደ የለም።

በኛ መርከብ ሬሳ መጨረሻ ይገባል፣ መጀመሪያ ይወጣል፣ ፊቱ ወደ አገሩ። እኛ እጃችንን ዘርግተን የቁርአኑን መክፈቻ፣ ፋቲሃን እንቀራለን። ይህ የትም አልተጻፈም፤ ራይስ ያስለመዱን ነው። ያን ቀን ወለሉ ባዶ ስለነበር መኪናዋን በአራት ሰንሰለት አሰርናት። ገና ወደቡን እንደለቀቅን አንዱ ተበጠሰ። ጀርባዬን መኪናዋ ላይ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ ሃምሳ ደቂቃ ያዝኳት። ልጁ ከውስጥ መዳፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ያየኝ ነበር።

ታንጂር ስንደርስ ራይስ ወረዱ። «የመርከቧ መዝገብ ላይ ሞገዱ ሦስት ሜትር ነው፤ አፋችሁም ላይ ሦስት ነው። ይህ ነገር ከዚህ ወለል አይወጣም» አሉ።

ይጻፍ አይጻፍ ብዬ ብዕሬን ለረጅም ጊዜ ይዤ ቆየሁ። ግን በካፌ መቶ ጊዜ አውርቼዋለሁ! ምን መጣ? ምንም። በካፌ ስምንት ሜትር ነው የምለው፤ በደህና ቀን አሥር። ይስቃሉ፣ ይሄዳሉ። ለወረቀቱ ግን ላላ ኢክራም እንዳለችው ሳልጨምር አራት ብዬ ጻፍኩ። መዝገቡ ላይ ሦስት መባሉንም ጨመርኩ፤ ራይስ ለእኛ ሲሉ ምን ያህል እንደደፈሩ ይታወቅ ብዬ። ጽሕፈቴም ያምር ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ስምንቱን ገጽ አስረከብኩ። ሲ ዙሄር ቆሞ አነበበ። ስድስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ተቀመጠ።

«ግሩም ነው ኡስታዝ። ሥሩ ላይ ሙሉ ስምህን ጻፍና ፈርም።»

በአውራ ጣት አይደለም። በብዕር። ቡስልሃም። ከሥሩ መስመር አሰመርኩ፣ እንደ ሚኒስትር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 2

ራይስ «ምንድነው ሰሞኑን የምትጽፈው?» አሉኝ። «ይደርሱበታል ራይስ፣ ይደርሱበታል» አልኳቸው። ጠቀስኳቸውም። ካፒቴን ጠቀስኩ!

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ዛሬ የመሪው ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ከካዛብላንካ የመጣ ወጣት ካፒቴን። ሰላምታውም ቀዝቃዛ።

«ራይስስ?» አልኩ።

አሕሚዶ ፊቱ ከስሏል። «አገዷቸው። ከወለሉ የማይወጣ የተባለው ወጣ። አንዱ ጽፎ ሰጥቷል አሉ።»

«እጁ ይሰበር!» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። «ከኛው መሃል? እንጀራ አብሮን የበላ? ስሙን ብቻ ንገረኝ!»

አሕሚዶም ረገመ። ሁለታችንም ረገምን። አንድ የአትክልት መኪና ገባ፣ ሰንሰለቱን ላስር ጎንበስ አልኩ... ሰንሰለቱን ይዤ ቀረሁ። ሹፌሩ «ምን ሆንክ?» ይለኛል።

የማን እጅ ነው ይሰበር ያልኩት?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። በሩ ላይ ያለውን አነበብኩ፦ «ሳያንኳኩ አይግቡ»። ሳላንኳኳ ገባሁ።

ሲ ዙሄር ብድግ አላለም።

«ድግስ ነው ብለኸኝ ነበር።»

«ድግሱ አለ። ለገዢዎቹ።»

«ስጦታ ነው ብለኸኝ ነበር!»

«እኔ አንዲት ፊደል ጨምሬበታለሁ? እስቲ ተመልከት። የራስህ እጅ፣ የራስህ ስም። ካፒቴኑ ከፈቃዷ በላይ ነድተዋታል፣ መዝገብ ላይ ዋሽተዋል። ከአሁን በኋላ መርከቧ ደህና ናት ቢሉ ማን ያምናቸዋል? አቤቱታውም አበቃ።» መነጽሩን አወለቀ። «እንደ ግፍ አትቁጠረው ቡስልሃም። ሰው በጻፈው ነው የሚጠየቀው።»

ትናንትና ኡስታዝ ነበርኩ። ዛሬ ቡስልሃም።

ደረጃውን ስወርድ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሰባት ዓመት ስምንት ሜትር፣ አሥር ሜትር እያልኩ ስቀደድ ማንም አላመነኝም። በውሸቴ ምስጢሩን ጠብቄ ኖርኩ። አንድ ቀን እውነት ብናገር...

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ለአሕሚዶ ራሴ ነገርኩት። ከሌላ ከሚሰማ ብዬ። ጓንቱን አወለቀ፣ እንደገና አጠለቀ። ከዚያ ወደ ጫፍ ሄዶ ብቻውን ሠራ። ከሰዓት በኋላ ጮክ ብሎ «ኡስታዝ! ሰንሰለት አቀብለኝ!» አለ።

ሁሉም ተቀበሉት። ኡስታዝ ውኃ። ኡስታዝ መጥረጊያ። ሾርባ ቤቱ እንኳ...

ላላ ኢክራም ዘንድ አልሄድኩም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

ወረቀት መጣልኝ። በሕይወቴ በስሜ የመጣ የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው፤ ራሴ ከፈትኩት፣ ራሴ አነበብኩት። በጥር 6 በወደቡ አስተዳደር አጣሪዎች ፊት ቀርቤ የጻፍኩትን በድምፅ አንብቤ እውነት መሆኑን እንዳረጋግጥ ነው። ራይስም ይቀርባሉ። እውነት ከሆነ ፈቃዳቸው ይነጠቃል።

ሰዕዲያ ደብዳቤውን አጠፈችው። ከዚያ፦

«ዋሸሁ በል።»

«እንዴት?»

«ታንጂር ውስጥ አንተን የሚያምን ማን አለ? ቀጣፊ መሆንህን ከተማው ያውቃል። ሃያ ዓመት ጉራህን ተሸክሜያለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይዋል።»

ልሰድባት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም። ልክ ናት... ግን ካወራሁት ሁሉ ያላጋነንኩት የጻፍኩትን ብቻ ነው። እሱን ነው የምክደው?

እክደዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ልጻፈው። ነገ ከነገ ወዲያ ሲደበዝዝ ማሳመር ስለሚያምረኝ አሁኑኑ ልጻፈው።

ረጅም ጠረጴዛ። ሦስት አጣሪዎች። ሲ ዙሄር ጥግ ላይ። ራይስ ከኔ ትይዩ ያለ ኮፍያ ተቀምጠዋል። ራሳቸው እንዲህ መሸበቱን አላውቅም ነበር። አላዩኝም። ከኮፍያው ሌላ የሚያዩት የላቸውም፣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይዘውታል።

«ስድስተኛውን ገጽ አንብብ።»

መነጽራቸውን ከኪሴ አወጣሁ። በሳቸው መነጽር፣ በሳቸው ፊት... አነበብኩ። መዳፉን መስታወት ላይ የለጠፈው ልጅ ጋ ስደርስ አንደኛው አጣሪ ብዕሩን አስቀመጠ። ጨረስኩ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እውነት ነው?»

«ውሸት ነው ጌታዬ።»

ሲ ዙሄር ቀና አለ። እኔ ግን አንዴ ገብቼበታለሁ። «ቀጣፊ ነኝ። ወደብ ላይ ማንንም ይጠይቁ። በካፌ ሞገዱን ስምንት ሜትር ነው የምለው። ባለፈው የአረፋ በዓል አሥራ ሁለት አድርሼዋለሁ። አንድ ጊዜ ዓሣ ነባሪ በሁለት ጣት አቁሜያለሁ ብያለሁ፤ ምስክር አለኝ።» መካከለኛው አጣሪ ሳቀ። ሌላውም ፈገግ አለ። «ማንበብና መጻፍ ከተማርኩ ወሬን ከልክ በላይ...»

እየሠራ ነበር! ወረቀቱን ሊያጥፉት ነበር። «ማል» እንዳይሉኝ ብቻ እየለመንኩ ነበር።

ራይስ ተነሱ።

«እውነት ነው» አሉ። «ከቃሉ አንድ የተጨመረ የለም። ስህተቱ አንድ ነው። ሞገዱ አራት ሜትር አልነበረም፤ አራት ሜትር ተኩል ነበር። እሱ ታች መኪናዋን ይዞ ስለነበር ባሕሩን አላየም።»

አንደኛው አጣሪ ብዕሩን መልሶ አነሳ።

ኮሪደሩ ላይ ተከትዬ ደረስኩባቸው። «ለምን ራይስ? አምነውኝ ነበር እኮ!»

«ሰባት ዓመት ሦስት ሜትር እያልኩ ኖርኩ። ደከመኝ።» ኮፍያቸውን አደረጉ። «ደግሞ የገዛ እጅህን ጽሑፍ እንድትክድ አይደለም ትምህርት ቤት ያስገባሁህ።»

«ይቅር ይበሉኝ...»

«መጻፍህ አይደለም ያስከፋኝ። ሳትነግረኝ መጻፍህ ነው። በየቀኑ አብሬህ ሾርባ ስጠጣ።»

ሄዱ። እጃቸውን አልሰጡኝም። መነጽሩን ልመልስ ከኪሴ አውጥቼ ነበር፤ አውጥቼ ቀረሁ።

ሲ ዙሄር በበሩ ሲያልፍ «ጥሩ ታነባለህ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ምንም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 1

ተሸጠች። ገዢዎቹ ከሩቅ ምሥራቅ ናቸው። አዲሱ ስም በወረቀት መጣ፤ መጀመሪያ ግን አሮጌው መጥፋት አለበት። እምቢ ልል ነበር። ከዚያ ሌላ ሰው ከሚያጠፋው እኔ ላጥፋው አልኩ። ስሟ እንደ ሕፃን ልጅ ፊት ነው፣ ማንም እንዲነካው አይተውም።

በገመድ ወረድኩ። ነውረስን በነጭ ቀለም ሸፈንኩ። ሁለት ዙር ብሩሽ። አሥራ ሁለት ዓመት በሁለት ዙር ብሩሽ አለቀ።

ሲግሪድ ግን ከሥሩ ትዳሰሳለች። እነዚያ በብየዳ ነው የጻፏት፤ እኛ በቀለም። ለምን አላሰብንበትም?

አሕሚዶ ገመዱን ከላይ ይዞልኝ ነበር። ልወድቅ ስል አጥብቆ ያዘ። ወደ ታች ግን አላየኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ወጣች። ነፋስ ከምዕራብ፣ ለስላሳ። ሞገድ ከአንድ ሜትር በታች። የመኪና ወለሏ ባዶ። ከኛ ሰዎች በላይዋ ማንም የለም።

የወደቡ ጫፍ ላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ ጋ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ቆሞ ያይ ነበር። አልቀረብኩም።

እሑድ፣ መጋቢት 7

አሁን ከባሕር ዳርቻው ካፌ ፊት መኪና አቆማለሁ። ቢጫ ሰደርያ ሰጥተውኛል። ግባ፣ ግባ፣ ትንሽ ቀኝ፣ በቃ። ሁለቱ ጣቶቼ ሥራ አልፈቱም። አሕሚዶ ዓሣ ገበያ ነው። ሌሎቹ አንዳንዱ አዲሱ ትልቅ ወደብ ገባ፣ አንዳንዱ ቤቱ ተቀመጠ።

ሐሙስ ላላ ኢክራም ዘንድ ተመለስኩ። «ምን ልጻፍ?» አልኳት። «ያየኸውን» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቀዝቅዞ ካፌው ውስጥ ገባሁ። የቀድሞዎቹ የነውረስ ሰዎች ተሰብስበዋል፤ አሕሚዶ ለአዲስ የወደብ ሠራተኞች ያቺን ቀን እያወራ ነው። ከኔ ሰርቆ፣ በኔ አነጋገር።

«ሞገዱ፣ ወንድሞቼ፣ ስምንት ሜትር!»

ሳቁ። «ተው እንጂ አሕሚዶ!»

አሕሚዶ ዞር ሲል አየኝ። ከታኅሣሥ ወዲህ የመጀመሪያው ነው ዓይን ለዓይን ሲያየኝ። «ይኸው እሱን ጠይቁት፣ እሱ ታች ነበር። ኡስታዝ፣ ስምንት አልነበረም?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አሥር እንድል ነው የጠበቁት። አሥራ ሁለት እንድል። አፌ እንደለመደው ሊከፈት ነበር...

ጥጉ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው የተቀመጡ ሰው ነበሩ። ኮፍያቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገዋል። ሻይ እያማሰሉ ነበር፤ ማንኪያው ቆመ።

«አራት ሜትር ተኩል» አልኩ።

ወሬው ፈረሰባቸው። አንዱ «በቃ? አራት ተኩል?» አለ።

«አራት ተኩል። እኔ አላየሁትም። ያየው ሰው ነገረኝ።»

ራይስ አልዞሩም። ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ያለውን ባዶ ወንበር በእግራቸው ትንሽ ገፋ አደረጉት።

ሰደርያዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።